ከፒት ውጭ በምን እንትከል? ስለ ጌጥ ተክሎች የመትከያ ድብልቅ የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ አድማጮች፣ ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ጠረጴዛው ላይ የደረደርኋቸውን አምስት ሳህኖች በየተራ እየነካችሁ እንድታሳልፏቸው እጠይቃለሁ። በመጀመሪያው ያለው ከረግረግ የሚቆፈረው ፒት ነው፤ ቡናማ፣ ቀላል፣ ሲነኩት የሚለሰልስ፣ ሽታውም እምብዛም የማይታወቅ ነገር ነው። በሁለተኛው ከኮኮናት ልባስ የሚወጣው ኮኮፒት፣ በሦስተኛው ተብላልቶ የሰነበተ የጥድ ቅርፊት፣ በአራተኛው በእንፋሎት የተፈለቀቀ የእንጨት ቃጫ፣ በአምስተኛው ደግሞ ከሣርና ከቅጠላ ቅጠል የተሠራ ኮምፖስት አለ። በሙያው በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ “ፒትን የሚተካው ከእነዚህ የትኛው ነው?” የሚለው ጥያቄ ተለይቶኝ አያውቅም። ዛሬ የመጣሁት ጥያቄው ራሱ ወደ ስህተት እንደሚመራ ለመናገር ነው። ከአራቱ አንዱም ብቻውን ፒትን ሆኖ አይሠራም፤ የሚሳካለት አብቃይ ድብልቁን ሲለውጥ የውኃና የማዳበሪያ አሰጣጡንም አብሮ የሚለውጠው ነው።

ፒት ምን እንደሆነ በቅጡ ሳንረዳ ስለ ምትኩ ብንነጋገር ብዙ አንራመድም። በቀዝቃዛና እርጥብ አገሮች ረግረግ ላይ ስፋግነም የተባለ የሞስ (ሥርና አበባ የሌለው አጭር ለስላሳ ተክል) ዝርያ ከላይ እያደገ ከታች እየሞተ ይኖራል። የሞተው ክፍል አየር በማያገኝ አሲዳማ ውኃ ተዘፍቆ ስለሚቆይ እንደ ሌላው ዕፅዋት ቶሎ አይበሰብስም፤ እየተደራረበ ፒት ይሆናል። የሞሱ ቅጠሎች ውኃ ከማጠራቀም በቀር ሌላ ሥራ የሌላቸው ባዶ ሕዋሳት ስላሏቸው ተክሉ የደረቅ ክብደቱን እስከ 20 እጥፍ የሚያህል ውኃ ሊሸከም ይችላል፤ ይህ አወቃቀር ከሞተም በኋላ ለረጅም ጊዜ ሳይፈርስ ይቆያል። ክምችቱ በዓመት የሚያድገው በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ 1 ሜትር ውፍረት ያለው ፒት ለመፈጠር 1,000 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ስዊድናዊው ሌናርት ፎን ፖስት የፒትን የብስባሴ ደረጃ ከ1 እስከ 10 የሚለካበት ዘዴ ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፦ ከረግረጉ የወጣ እርጥብ ፒት በእፍኝ ይያዝና ይጨመቃል። በጣቶች መካከል የወጣው ጥርት ያለ ውኃ ብቻ ከሆነ ደረጃው 1 ነው፤ ሁሉም እንደ ጭቃ ሾልኮ እጅ ባዶ ከቀረ ደረጃው 10 ነው። ለአበባ መትከያ በብዛት የሚፈለገው ብዙ ያልበሰበሰው፣ ነጣ ያለው ፒት ነው፤ አየርና ውኃን አንድ ላይ መያዝ የሚችለው እሱ ነውና።

ፒት በየአበባ መትከያው ውስጥ መግባቱ ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት ጥንታዊ ልማድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በእንግሊዝ የጆን ኢነስ የአትክልት ምርምር ተቋም ሎውረንስ እና ኒውዌል የተባሉ ባለሙያዎች ያወጡት የታወቀ ቀመር በይዘት 7 እጅ አፈር፣ 3 እጅ ፒት እና 2 እጅ አሸዋ ነበር፤ ዋናው ነገር አፈር፣ ፒት ረዳት ነበር ማለት ነው። ከዚያ ጥሩ አፈር በገፍ ማግኘት እያስቸገረ ሲሄድ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በ1950ዎቹ በአሸዋና በፒት ላይ የተመሠረቱ ድብልቆችን አቀረቡ። በ1960ዎቹ ደግሞ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዎቹ ቡድሌይ እና ሼልድሬክ ፒትን በሙቀት ከተነፉት ቀላል ማዕድናት፣ ከቨርሚኩላይት ወይም ከፐርላይት፣ ጋር ያጣመሩ፣ አፈር የሌለባቸው ቀላል ድብልቆችን አስተዋወቁ። የዛሬው የአበባ ንግድ፣ ከመትከያ ማሽኑ እስከ ማጓጓዣ መደርደሪያው፣ የተቃኘው በዚህ ቀላል ድብልቅ ነው። ስለዚህ “ያለ ፒት አይቻልም” የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ የማስታውሰው ፒት ዋናው ነገር የሆነበት ዘመን ከአንድ ሰው ዕድሜ እንደማይበልጥ ነው።

ታዲያ ለምን እንተወው? የፒት ረግረጎች ከዓለም የየብስ ስፋት የሚሸፍኑት 3 በመቶ ያህሉን ብቻ ሲሆን፣ በአፈር ውስጥ ከተከማቸው ካርቦን ግን አንድ ሦስተኛ ገደማ የሚገኘው በእነሱ ውስጥ ነው። ረግረጉ ተንጣፎ ሲደርቅ አየር ይገባል፤ ለሺህ ዓመታት ቆሞ የነበረው ብስባሴ ይቀጥላል፤ ካርቦኑም ወደ ከባቢ አየር ይወጣል። ወደ አበባ መትከያ የገባው ፒትም ዕጣው ያው ነው፤ ጊዜው ብቻ ይለያያል። እውነቱን ለመናገር ለረግረጎች መጥፋት ትልቁ ምክንያት አበባ አብቃዩ አይደለም፤ ለእርሻ፣ ለግጦሽና ለደን ተብሎ የተንጣፈፈው መሬት ፒት ከሚቆፈርበት እጅግ ይሰፋል፤ ለማገዶ የነደደውም ብዙ ነው። ይህ ግን ለእኛ እንደ ማምለጫ ሊያገለግለን አይገባም፤ በእጃችን ያለው ድርሻ የራሳችን ነውና። ሕጉም ቢሆን ወደዚያው እያመራ ነው። ስዊዘርላንድ ረግረጎቿን በሕገ መንግሥቷ እንድትጠብቅ ሕዝቧ እ.ኤ.አ. በ1987 በድምፁ ወስኗል። የአየርላንድ የመንግሥት የፒት ድርጅት የሆነው ቦርድ ና ሞና ፒት ማምረቱን በይፋ ማቆሙን በ2021 አስታውቋል። ብሪታንያ በ2011 ያስቀመጠችው ግብ የቤት አትክልተኞች እስከ 2020 በፈቃደኝነት ፒትን እንዲተዉ ነበር፤ ግቡ አልተሳካም። ያልተሳካበት አንዱ ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ሰዎች አዲሱን ድብልቅ ገዝተው በአሮጌው ልማድ ማጠጣታቸው ነው።

ስለ ልማድ ከመናገሬ በፊት ይህን ስፖንጅ ተመልከቱ። ውኃ እስኪጠግብ ነክሬ በመዳፌ ላይ በጀርባው አስተኛዋለሁ። ትንሽ ይንጠባጠብና ያቆማል። አሁን ምንም ሳልጨምቀው በረጅሙ ጎኑ አቆመዋለሁ፤ እንደገና ይንጠባጠባል። በአጭሩ ጎኑ፣ ማለትም ቀጥ አድርጌ ሳቆመው፣ ለሦስተኛ ጊዜ ውኃ ይወርዳል። ስፖንጁ ያው ስፖንጅ ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። በማንኛውም የአበባ መትከያ ግርጌ ውኃ ካጠጣነው በኋላ የማይወርድ፣ ውኃ የሞላው ንብርብር ይቀራል፤ ውፍረቱን የሚወስኑት የድብልቁ ቀዳዳዎች ናቸው እንጂ የዕቃው ቁመት አይደለም። ስለዚህ በ20 ሳንቲ ሜትር ዕቃ ውስጥ ከላይ ለሥሩ በቂ አየር የሚተው ድብልቅ፣ በ5 ሳንቲ ሜትር የችግኝ ጽዋ ውስጥ ረግረግ ሊሆን ይችላል። በነገራችን ላይ ብዙ ሰው “ውኃ እንዲወርድ” ብሎ ከግርጌ የሚያነጥፈው ጠጠር የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ እርጥቡን ንብርብር ከፍ አድርጎ ወደ ሥሩ ያስጠጋዋል። የፒት ውለታ እዚህ ላይ ነው። ከይዘቱ ከ90 በመቶ በላይ ቀዳዳ ሆኖ ትልቁም ትንሹም ቀዳዳ ተመጣጥኖ ስላለው፣ አንድ ቀን አብዝተን ብናጠጣም ሌላ ቀን ብንረሳም ተክሉ ይቅር ይለናል። ምትኮቹ በአብዛኛው ወይ ለአየር ወይ ለውኃ ያደላሉ፤ የመደባለቅ ጥበብም አንዱ የጎደለውን በሌላው መሙላት ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ለፒት የሚቀርበው ኮኮፒት ነው። የኮኮናቱን ቃጫ ለገመድና ለምንጣፍ ከወሰዱ በኋላ የሚቀረው ስፖንጅ መሰል ዱቄት በየወፍጮው ጓሮ ለዘመናት ሲከመር የኖረ ተረፈ ምርት ነበር። ዛሬ በዋናነት ከህንድና ከስሪላንካ ተጨምቆ በጡብ መልክ ይላካል፤ ውኃ ሲነካው እንደገና ይነፋል። ፒት አንዴ ክው ብሎ ከደረቀ ውኃ እምቢ ይላል፤ ኮኮፒት ግን ደርቆም በቀላሉ ይርሳል፤ ይህም ትልቅ ብልጫው ነው። ችግሩ ጨው ነው። የኮኮናት ዛፍ በባሕር ዳርቻ የሚያድግ፣ ልባሱም ብዙ ጊዜ ጨዋማነት ባለው ውኃ የሚዘፈዘፍ በመሆኑ ፖታሲየም፣ ሶዲየም እና ክሎራይድ ተሸክሞ ይመጣል። በውኃ ብቻ ሲታጠብ የሚወጣው በውኃው ውስጥ የሟሟው ጨው ነው፤ በቅንጣቶቹ ላይ የተጣበቁት ፖታሲየምና ሶዲየም ግን የሚለቁት ካልሲየም መጥቶ ቦታቸውን ሲወስድ ነው። ለዚህም በካልሲየም ናይትሬት ይዘፈዘፋል፤ ከዚያ ይታጠባል።

ይህን የተማርሁት ከገዛ ኪሳራዬ ነው። ከዓመታት በፊት “የታጠበ” ተብሎ የተሸጠልኝን ኮኮፒት አምኜ የፔቱኒያ ችግኞችን አዛወርሁበት። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ደህና ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከመሐል የሚወጡት አዳዲስ ቅጠሎች ጠርዛቸው እየተጨማደደ፣ ጫፋቸው እየጠቆረ መጣ፤ የታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ግን አንዳች አልሆኑም። በሽታ መስሎኝ መድኃኒት ረጨሁ፤ ቀጥሎም ማዳበሪያ ጨመርሁ፤ ባሰባቸው። ምልክቱ በአዲሱ ቅጠል ላይ ብቻ መሆኑ ብቻውን ሊያስጠነቅቀኝ ይገባ ነበር፤ ካልሲየም በተክል ውስጥ ከአሮጌው ቅጠል ወደ አዲሱ አይዛወርምና ሲጎድል የሚጎዳው ቀንበጡ ነው። ካልሲየሙን የወሰደው ራሱ ኮኮፒቱ ነበር፤ እኔ ስሰጠው እሱ ይይዘዋል፣ በምትኩ ሶዲየምና ፖታሲየም ይለቃል። ታጥቧል ማለትና በካልሲየም ተዘፍዝፏል ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚያ ወዲህ ረስቼ አላውቅም።

የዛፍ ቅርፊት ሌላ ጠባይ አለው። ለአየር ያደላል፤ ስለዚህ ብዙ ወራት አልፎ አንዳንዴም ከዓመት በላይ በዕቃ ውስጥ ለሚቆዩ ቁጥቋጦዎች ይስማማል። በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ የዛፍና የቁጥቋጦ ችግኝ ጣቢያዎች ዋና የመትከያ ድብልቅ ከሆነ ቆይቷል። ጥሬውን መጠቀም ግን አይመከርም፤ በውስጡ ያሉት ሙጫና ታኒን ሥር ሊያቃጥሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ ተከምሮ፣ እየተገላበጠና እየረጠበ መብላላት አለበት። በደንብ የተብላላ ቅርፊት ከፒት የሚበልጥበት አንድ ነገር አለው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ሆይቲንክ ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዳሳየው፣ የተብላላ ቅርፊት ፒቲየምና ፋይቶፍቶራ የተባሉትን ሥር አበስባሾች ያፍናል፤ በውስጡ የሚርመሰመሱት ጠቃሚ ተሕዋስያን ለበሽታ አምጪው ምግብም ቦታም አይተዉለትም። ፒት ንጹሕ ነው ሲባል ባዶ ነው ማለትም ነው፤ በባዶ ቤት ደግሞ መጀመሪያ የገባው በሽታ ባለቤት ይሆናል።

አራተኛው ሳህን ውስጥ ያለውን የእንጨት ቃጫ ስትጨብጡት እንደ ጥጥ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ስንጥር እንጨት በእንፋሎት ሙቀትና በግፊት እየተፋተገ ሲፈለቀቅ የሚገኝ ነው፤ ተራ ሰጋቱራ አድርጋችሁ እንዳታዩት። በጣም ቀላልና አየር የበዛበት ሲሆን ውኃ ግን በደንብ አይዝም፤ በመሆኑም አብዛኛውን ጊዜ ከድብልቁ ከ20 እስከ 40 በመቶ ያህሉን ነው የሚይዘው። ዋናው ጣጣው ናይትሮጂን ነው። በእንጨት ውስጥ ያለው ካርቦን ከናይትሮጂኑ ብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ባክቴሪያና ሻጋታ ይህን ካርቦን ሲመገቡ የራሳቸውን ሰውነት የሚሠሩበት ናይትሮጂን ያስፈልጋቸዋልና ለተክሉ የሰጠነውን ማዳበሪያ ቀድመው ይወስዱታል። ተክሉ ከታች ጀምሮ ይገረጣል፤ እድገቱም ይቆማል። ናይትሮጂኑ አልጠፋም፤ በተሕዋስያኑ ሰውነት ውስጥ ታግቶ ነው። በአውስትራሊያ ኬቨን ሃንድሬክ ለዚህ የዘረጋው መለኪያ ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ድብልቁ ላይ የታወቀ መጠን ናይትሬት ያፈሱበታል፤ ለጥቂት ቀናት በሙቀት ያቆዩታል፤ ከዚያ ምን ያህል እንደቀረ ይለካሉ። ለአብቃዩ ትምህርቱ፣ በቃጫው ልክ ተጨማሪ ናይትሮጂን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መስጠት እንጂ ቅጠል እስኪገረጣ መጠበቅ እንደሌለበት ነው። ጊዜው ሲረዝም ደግሞ ቃጫው ይበሰብሳል፤ ድብልቁም በዕቃው ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ለጥቂት ሳምንታት ለሚሸጥ የወቅት አበባ ተስማሚ ነው፤ ዓመታት ለሚቆይ ተክል ግን በብዛት አልመርጠውም።

ኮምፖስት ርካሽና ቅርብ ስለሆነ ሁሉም የሚመኘው እሱን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ የምጠነቀቀው ከእሱ ነው። ከባድ ነው፤ አልካላይነቱና የጨው መጠኑ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ የዝናቡ ወር ኮምፖስትም ከደረቁ ወር ኮምፖስት ይለያል። ከድብልቁ ከ20 እስከ 30 በመቶ ካልበለጠ ግን ጥሩ ነገር ያመጣል፤ ፎስፈረስ፣ ፖታሲየም፣ ጥቃቅን ንጥረ ነገሮችና ሕይወት ያላቸው ተሕዋስያን። በዓይን የማይታይ አንድ አደጋው ግን በቂ ትኩረት አላገኘም። ክሎፒራሊድና አሚኖፒራሊድ የተባሉ የአረም መድኃኒቶች ሣሩን ሳይጎዱ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸውን አረሞች ይገድላሉ፤ ሣሩን የበላው እንስሳ ሆድም፣ የኮምፖስቱ ሙቀትም ቶሎ አያፈርሳቸውም። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በ2000 ገደማ፣ በብሪታንያ በ2008 በኮምፖስትና በፍግ በኩል አትክልት ላይ ጉዳት አድርሰዋል። ቲማቲምና ባቄላ መሰሎቹ ብቻ ሳይሆኑ እንደ ዳሊያና ክሪሳንተመም ያሉት የአደይ አበባ ቤተሰቦችም ለእነዚህ መድኃኒቶች ስስ ናቸው።

የቀሩትን በአጭሩ ላንሳቸው። ፐርላይትና ፑሚስ የተባለው ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ድብልቅን ለማናፈስ ያገለግላሉ እንጂ ውኃና ንጥረ ነገር ለመያዝ ከፒት ጋር አይወዳደሩም፤ የሩዝ ፍሬ ገለፈት የፐርላይትን ሥራ በቅናሽ ይሠራል። ባዮቻር፣ ማለትም ከዕፅዋት ቅሪት የሚሠራ ከሰል፣ አመዱ ብዙ ስለሆነ አልካላይነትን ያንራል፤ በትንሹ ቢገባ ይበቃል። በጀርመን በግራይፍስቫልት ተመራማሪዎች ተሳትፎ የሚሞከረው፣ እንደገና ውኃ በተለቀቀበት ረግረግ ላይ ስፋግነም ሞስን እንደ ሰብል ማልማት፣ በጥራት ከፒት የሚስተካከል ነገር ይሰጣል፤ መጠኑ ግን ገና ትንሽ ነው።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት ወደ ኖራው እንምጣ። ፒት ከረግረጉ ሲወጣ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ከ7 በታች አሲዳማ፣ ከ7 በላይ አልካላይ ነው) ከ3.5 እስከ 4.5 ስለሚሆን አብቃዩ ኖራ ጨምሮ ወደ 6 ገደማ ያደርሰዋል። ኮኮፒት ግን ከመጀመሪያው ከ5.5 በላይ ነው፤ ኮምፖስት ብዙ ጊዜ ከ7 ያልፋል። በፒት ዘመን የተጻፈውን የኖራ መጠን ወደ አዲሱ ድብልቅ እንዳለ ያሻገረ ሰው ፒኤቹን ሰማይ ያደርሰዋል። ያኔ ፔቱኒያና ካሊብራኮአ ብረት መውሰድ ያቅታቸውና አዲሱ ቅጠል በአረንጓዴ ጅማቶቹ መካከል ቢጫ ይሆናል። በተቃራኒው ጄራኒየም ድብልቁ ከሚገባው በላይ አሲዳማ ሲሆንበት ብረትና ማንጋኒዝ ከልክ በላይ ወስዶ የታችኛው ቅጠሉ ነጠብጣብ ያወጣና ይቃጠላል። አዛሊያና ሮዶዴንድሮን ደግሞ ከ4.5 እስከ 5.5 ባለው ውስጥ ካልሆነ አይደላቸውም፤ ለእነሱ ኮምፖስቱን ጨርሶ ትቶ ቅርፊትና ኮኮፒት ማጣመር ይሻላል።

ውኃ አጠጣጡም እንዲሁ ነው። በፒት ላይ የላይኛው ገጽ ቀለሙ ሲፈዝ ውኃ እንሰጣለን፤ ዓይናችን በዚያ ሠልጥኗል። በእንጨት ቃጫ ድብልቅ ግን ላዩ በግማሽ ቀን ደርቆ ይታያል፤ ጣታችሁን ሁለት ሳንቲ ሜትር ብትሰዱ እርጥብ ነው። ላዩን ዓይቶ ያጠጣ ሰው ሥሩን ያሰጥመዋል። ኮኮፒትም እንዲሁ ላዩ ደርቆ ሲታይ ከታች እርጥብ ሊሆን ይችላል። የሚያስተማምነው ክብደት ነው፦ አንዱን መትከያ በደንብ አጠጥታችሁ መንጠባጠቡን ሲያቆም መዝኑት፤ ተክሉ መጠውለግ ሊጀምር ሲል እንደገና መዝኑት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ተክሉ ሊጠጣው የሚችለው ውኃ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሚዛኑ አያስፈልግም፤ እጅ ራሱ ይለምደዋል። አየር ለበዛባቸው ድብልቆች ሕጉ ጥቂት ጥቂት፣ ግን ቶሎ ቶሎ ማጠጣት ነው።

ፒትን መተው ከሁሉም ይበልጥ የሚከብደው በችግኝ ጽዋዎችና በተጨመቁ የችግኝ ኩቦች ነው። በዚያች ጥቂት ሚሊ ሊትር ድብልቅ ውስጥ ስህተት የሚደበቅበት ቦታ የለም፤ ስፖንጁ እንዳሳየንም አጭር ዕቃ ለአየር ጠበኛ ነው፤ ኩቡ ሳይፈርስ በማሽን እንዲነሳም የሚያጣብቅ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ትልቁን መትከያ ዛሬ ከፒት ነጻ አድርጎ፣ ችግኙን በጥቂት ፒት ማስጀመር ለጊዜው የሚያስወቅስ አይመስለኝም። የፒቱ አብዛኛው መጠን የሚሄደው ወደ ትልቁ ዕቃ ነው።

አዲስ ጭነት በመጣ ቁጥር ከመትከላችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ከምታውቁትና ከምታምኑት ድብልቅ ሦስት መትከያ፣ ከአዲሱም ሦስት መትከያ ሙሉ፤ በእያንዳንዱ ሦስት የባቄላ ወይም የአተር ፍሬ ዝሩ፤ አንድ ቦታ አስቀምጣችሁ እኩል አጠጡ። በአዲሱ ውስጥ ፍሬው ካልበቀለ ወይም ዘግይቶ ጫፉ ተቃጥሎ ከወጣ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ጨው ነው። በቅሎ ከገረጣ ናይትሮጂኑ ታግቷል። አዳዲሶቹ ቅጠሎች እንደ ማንኪያ ወደ ውስጥ ከተጠቀለሉ፣ ግንዱም ከተጠማዘዘ የአረም መድኃኒት አለበት፤ ያን ጭነት ለማንኛውም ሰፊ ቅጠል ተክል አታውሉት። ለዚህ ሦስት ሳምንት ይበቃል። ከእያንዳንዱ ጭነት አንድ ሊትር ያህል በከረጢት አድርጋችሁ፣ የደረሰበትን ቀንና የምርት መለያ ቁጥሩን ጽፋችሁበት አስቀምጡ፤ ተክሉ ከሁለት ወር በኋላ ቢታመም ወደ ቤተ ሙከራ የምትልኩት እሱን ነው።